በ120 ከመውጣታችሁ በፊት፦ ለኩዌት አዲስ ሹፌሮች ማሳሰቢያ

መንጃ ፈቃዱ እጃችሁ ገብቷል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ኩዌት ለውጭ አገር ሰው መንጃ ፈቃድ እንደ ዋዛ እንደማትሰጥ ያየ ያውቀዋል። ለብዙው የውጭ አገር ሠራተኛ ዲግሪ፣ የ600 ዲናር ደመወዝና የዓመታት ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሲጠየቅ ቆይቷል። ከእኛ ወገን ብዙው ሰው ፈቃዱን ያወጣው በቤት ሹፌርነት ነው። ስለዚህ ይህ ማሳሰቢያ በተለይ የሚያናግረው የሰው መኪና፣ የሰው ልጆችና የሰው ቀጠሮ ተረክቦ መሪ የጨበጠውን ወንድምና እህት ነው። የራሱን መኪና ገዝቶ የሚነዳውም ቢያነበው አይጎዳም።

ሙሩር (ትራፊክ ፖሊስ) ዘንድ የተፈተናችሁት ወደኋላ በመሄድ፣ በጠባብ ቦታ በማቆምና ምልክት በመለየት ነው። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከታንከርና ከላንድክሩዘር መሀል ገብቶ መውጣትን የፈተናችሁ የለም። አገር ቤት ስትነዱ የኖራችሁ ብትሆኑም ያው ነው። የአዲስ አበባ ሹፌር መጨናነቁን፣ እግረኛውንና ሚኒባሱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ፈጣን መንገድ የሚባለውን ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ በቀር፣ ብዙም አልቀመሰውም። እዚህ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስም፣ ከጀምዒያ (ከሰፈሩ የሸማቾች ሱቅ) ዕቃ ለማምጣትም ሰፊው መንገድ ላይ መውጣት ግድ ይላል።

መንገዱን አስቀድማችሁ በልባችሁ ሳሉት።

ኩዌት ከተማ ለሁለት የተከፈለ ሰፌድ ናት ብላችሁ አስቡ። የተቆረጠው ጠርዝ ባሕሩ ነው። ከመሀል ወደ ውጭ እየሰፉ የሚሄዱት ዙሮች ቀለበት መንገዶቹ ናቸው፤ አንደኛው እስከ ሰባተኛው። አንደኛው ቀለበት የሚዞረው የድሮዋን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራው የጭቃ ግንብ በ1957 ሲፈርስ በሮቹ ብቻ ቀሩ፤ ዛሬም መንገዱ ዳር ቆመው ታዩዋቸዋላችሁ። አምስተኛው ከሳልሚያ ተነሥቶ በጀብሪያ በኩል ወደ ጀህራ ይሄዳል። ስድስተኛው ከሚሽሪፍ በታች፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በጅሊብ አቅጣጫ ያልፋል። ከመሀል ተነሥተው ሰፌዱን የሚሰነጥቁት ደግሞ ባለ ቁጥሮቹ መንገዶች ናቸው። 30 ቁጥር በባሕሩ ጎን ወደ ፋሃሂል ይወርዳል። 40 ቁጥር እስከ ሳዑዲ ድንበር፣ እስከ ኑወይሲብ ይዘልቃል። 80 ቁጥር በጀህራ አልፎ ወደ አብደሊና ወደ ኢራቅ ድንበር ነው።

ይህን የያዘ ሰው አይጠፋም። «አምስተኛው ላይ ነኝ፣ ባሕሩ ከፊቴ ነው» ማለት ከቻላችሁ የስልኩ ካርታ ቢጠፋባችሁም ቤት ትገባላችሁ። ካርታውን ብቻ የሚያምን ሹፌር፣ የካርታዋ ሴትዮ «በስተቀኝ ውጣ» ስትለው ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ ሊያቋርጥ ይሞክራል።

መውጫ ካመለጣችሁ አትመለሱ።

ከዚህ ወረቀት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። እኔ ከአምስተኛው ወደ ጀብሪያ የሚያስወጣውን ያለፍኩት በሁለተኛው ሳምንቴ ነበር። ኋላ ሁለት ልጆች አሉ። መውጫውን ያየሁት አጠገቡ ከደረስኩ በኋላ ነው። እግሬ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው መውጫውና ዋናው መንገድ በሚለያዩበት፣ ነጭ ሰረዝ በተቀባው ሦስት ማዕዘን ላይ ግማሽ ወጥቶ ግማሽ ቀርቶ ቆመ። ከኋላዬ የውሃ ታንከር ነበር። ክላክሱን ይዞ አለፈ፤ ስፖኪዮውን ለጥቂት ሳተው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ለሁለት ቀን ያህል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በኋላ ያንኑ መንገድ ሆን ብዬ ለካሁት። መውጫውን አልፎ፣ በሚቀጥለው ወጥቶ፣ ድልድዩን ዞሮ መመለስ የፈጀብኝ ስምንት ደቂቃ ነው። የታንከሩን ሹፌር ፍሬን ያስያዝኩት፣ ሁለት ልጆች ይዤ አስፋልት መሀል የቆምኩት ለስምንት ደቂቃ ነበር።

እናም መውጫው ካለፋችሁ ቀጥሉ። ሰረዝ በተቀባው ሦስት ማዕዘን ላይ አትውጡ፤ አትቁሙበትም። በትከሻው ወደኋላ አትሂዱ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ታያላችሁ፣ አትምሰሉት። ኋላ የተቀመጠው ሰው «ለምን አለፍከው?» ቢል «ከሚቀጥለው እወጣለሁ» በሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ለመውጣት ያሰባችሁበት ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ወደ ቀኝ መስመር ግቡ። መስመር የሚቀየረው አንድ በአንድ ነው፦ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ አንገት ዞር አድርጎ ማየት፣ መግባት፤ እዚያ ረጋ ብሎ ሁለተኛውን መጀመር። አንገታችሁን ማዞሩን አትተዉ። ስፖኪዮ የማያሳየው ሥፍራ አለ፤ ትንሿ መኪናና ሞተረኛው የሚደበቁት እዚያ ነው።

ስትገቡ ፍጠኑ፤ ስትወጡ ግን መውጫው ውስጥ ገብታችሁ ቀዝቅዙ።

አዲስ ሹፌር በፍርሃት ተገላቢጦሹን ያደርገዋል። ወደ ሰፊው መንገድ በሚያስገባው ጥምዝ በ50 ይመጣና ጫፉ ላይ ይቆማል። እዚያ ከቆማችሁ፣ ከቆመ መኪና ተነሥታችሁ በ100 ከሚመጣ ጋር ልትቀላቀሉ ነው። የመግቢያው መስመር የተሠራው ለመሮጫ ነው፤ ተጠቀሙበት። ፍሬቻ አብሩ፣ ክፍተቱን ከሩቅ ምረጡ፣ ፍጥነታችሁን ከሚያልፉት ጋር አስተካክሉ፣ ግቡ። ስትወጡ ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ሳላችሁ ፍሬን አትያዙ፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው እናንተ እንደምትወጡ ላያውቅ ይችላል። መውጫው መስመር ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ቶሎ ቀንሱ። ብዙዎቹ መውጫዎች ጥምዝ ናቸው፤ ከ120 የወረደ ሰው 70 ሲነዳ የቆመ ይመስለዋል። ዓይናችሁን አትመኑ፤ ቆጣሪውን እዩ።

የግራው መስመር የእናንተ አይደለም።

የሚቀደም ካለ ግቡ፣ ቅደሙ፣ ተመለሱ። ግራ ላይ ተቀምጦ መጓዝ፣ ሕግ አክብሮ በ120 እንኳ ቢሆን፣ ጠብ መጥራት ነው። ከኋላ የመጣው ረጅም መብራት ያብለጨልጫል፤ ይጠጋል፤ በኋላ መስታወታችሁ የሚታያችሁ የመኪናው አፍ ብቻ ይሆናል። ይህ ሰው ልክ ነው አላልኩም። ግን ፍሬን ረግጣችሁ ልታስተምሩት አትሞክሩ። ፍሬቻ ወደ ቀኝ፣ ቦታ ሲገኝ መግባት፣ ማሳለፍ። የምታስተምሩት ልጅ ቤት አለ፤ እሱን የሚያስተምር ሙሩር አለ።

በቀኝ በኩል ለመቅደም አትሞክሩ፤ የመንገድ ትከሻም መቅደሚያ አይደለም። ጠዋት መንገዱ ሲዘጋ በትከሻው የሚያልፉትን ስታዩ ያስቀናል። ያ ቦታ ለአምቡላንስና ለተበላሸ መኪና ነው፤ ከፊታችሁ ጎማ የሚቀይር ሰው ተንበርክኮበት ሊሆን ይችላል።

ቁጥር ለሚወድ።

በ120 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። ስልክ ላይ የመጣ መልእክት አንብቦ ቀና ለማለት ሦስት ሰከንድ ቢበቃ፣ መቶ ሜትር፣ ማለትም አንድ የእግር ኳስ ሜዳ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሄዳችኋል። አደጋ አይቶ እግርን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያመጡ ሌላ 33 ሜትር አለ፤ መኪናው እስኪቆም ድረስ ያለው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ከፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ያላችሁን ርቀት በሰከንድ ለኩት። እሱ አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት፣ መቶ ሦስት» ብላችሁ ቁጠሩ፤ ሦስቱን ሳትጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። ክፍተት ስትተዉ ሌላ ሰው ይገባበታል፤ ያናድዳል። ይግባ። እንደገና ራቁ።

ከፋሃሂል እስከ መሀል ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንበል። መንገዱ ክፍት ሆኖ በ120 ብትሄዱ አሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ በ140 አሥራ አምስት። ሁለት ደቂቃ ተኩል ተረፈ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ኋላ የተቀመጠው ሰው አይነዳም።

ይህን የሚጽፍ የመንጃ መጽሐፍ አላየሁም፤ ለእኛ ግን ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ማዳም ቀጠሮዋ ደርሷል፤ «ሱርዓ፣ ሱርዓ» (ፍጠን፣ ፍጠን) ትላለች። ባባ ደግሞ ስልክ ላይ ሆኖ በእጁ ወደ ግራ ይጠቁማል። አሁን ተቀጥሮ፣ ቋንቋው ገና ያልገባው ሰው «እሺ» ከማለት ሌላ መልስ ያለው አይመስለውም። ቅጣቱ ሲመጣ ግን ጥያቄው «ማን ነበር የሚነዳው?» ነው፤ ሰው ሲጎዳም ፖሊስ ጣቢያ የሚቀርበው መሪውን የያዘው ነው።

አትከራከሩ፤ አትጩሁም። እኔ ያገኘሁት ፍቱን ቃል አንድ ነው፦ «ካሜራ፣ ማዳም»። በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው፤ የማይገባው የለም። ሌላው መፍትሔ ከቤት ሳትወጡ የሚደረግ ነው። ቀጠሮው የት እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሆነ ማታውኑ ጠይቁ፤ ሰዓቱንም በቁጥር አጽፉ። በእኛ ቆጠራ ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት መሆኑን የማያውቅ የለም ይባላል፤ ገና ከእንቅልፍ ያልነቃ ሰው ግን ይሳሳታል፤ በዚያች ስህተት የመጣ ጥድፊያ ነው መንገድ ላይ የሚወጣው።

የምትነዱበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በትንሽ ደብተር መዝግቡ። ቤቱ ሁለት ሹፌር ካለው፣ ወይም ልጃቸው ማታ ማታ መኪናውን የሚወስድ ከሆነ፣ ከወራት በኋላ የመጣ ሙኻለፋ (የትራፊክ ቅጣት) የማን እንደሆነ የሚለየው ያ ደብተር ነው። በስማችሁ ያለውን ቅጣት ደግሞ በመንግሥት የስልክ መተግበሪያ በሳህል እየገባችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ የውጭ አገር ሰው ያለበትን የትራፊክ ቅጣት ሳይከፍል ከአገር እንዳይወጣ ተደርጓል፤ ለእረፍት አገር ቤት ልትሄዱ ሻንጣ ይዛችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሳችሁ በኋላ ከምትሰሙት አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ስለ ቅጣቱ በአጭሩ።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የትራፊክ ሕግ ተሻሽሎ ከኤፕሪል 22 ቀን 2025፣ በእኛ ከሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሥራ ላይ ውሏል። ድሮ የነበሩ ሹፌሮች «ስልክ አምስት ዲናር ነው» ቢሏችሁ አትስሟቸው፤ ያ ዘመን አልፏል። እየነዱ ስልክ መያዝ 75 ዲናር ሆኗል። ቀበቶ አለማሰር 30። ቀይ መብራት መጣስ 150፤ ድሮ 50 ነበር። በፍጥነት ማለፍ እንደ መጠኑ ከ70 እስከ 150። ለአካል ጉዳተኞች በተለየ ቦታ ማቆም 150፤ «አንዴ ዕቃ ላወርድ ነው» አይሠራም። 150 ዲናር ለብዙ የቤት ሹፌር ከወር ደመወዙ በላይ ነው። ጠጥቶ መንዳት ደግሞ ከዲናር አልፎ እስር ያለበት ነው፤ መጠጥ ራሱ በተከለከለበት አገር ስለዚህ ማብራራት አያስፈልግም። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ለውጭ አገር ሰው አገር የሚያስለቅቅ ነው፤ ስለዚህ ፈቃድ ለሌለው ጓደኛችሁ «ትንሽ ልሞክረው» ሲል ቁልፉን አትስጡት።

ልጆች።

ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ፊት አይቀመጥም። ትንንሾቹ የልጅ መቀመጫ ላይ ይታሰራሉ። ይህን ለእናቱ መንገር ከባድ ከሆነ መኪናው ሳይነሣ «ቀበቶ፣ ካሜራ» በሉ፤ አዲሶቹ ካሜራዎች ቀበቶንም ስልክንም ያያሉ። ልጅ በጣራው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ከሆነ አትንዱ፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ይገባል። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ የሚወርደው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ወርዶም ከፊታችሁ አልፎ መሄዱን ሳታዩ አትንቀሳቀሱ።

መኪና ውስጥ ልጅ ትታችሁ አትውረዱ። «ሞተሩ አልጠፋም፣ ኤሲው ይሠራል» አትበሉ። በሐምሌ ሞተሩ ከጠፋ መኪናው ወዲያው ምጣድ ነው።

ጎማውን እወቁት።

ኩዌት ውስጥ ሚትሪባ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 የተለካው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ነበር፤ የዓለም የአየር ጠባይ ድርጅት ያጸደቀው ነው። ያ የጥላው ሙቀት ነው፤ አስፋልቱ ከዚያ እጅግ ይብሳል። አሮጌ ወይም ንፋሱ የጎደለ ጎማ በዚያ ላይ በ120 ሲሽከረከር ይፈነዳል። ሰኔና ሐምሌ በመንገዱ ዳር የምታዩት የተበጣጠሰ ጥቁር ጎማ ሁሉ የአንድ ሰው ድንጋጤ ነበር።

የጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈ ቀን አለ። 2321 ካለ እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ዓመቱ የገፋ ጎማ ይደርቃል፤ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ንፋሱን የምትለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር ማዕዘን ላይ ተለጥፏል። ትርፍ ጎማውንም አትርሱት፤ ክሪኩ መኖሩንም እዩ። ጎማው አርጅቶ ከሆነ ለባለቤቱ ፎቶ አንሥታችሁ በስልክ ላኩለት። በቃል ከነገራችሁት ይረሳል፤ ፎቶ ከላካችሁ ግን መናገራችሁ ተጽፎ ቀረ።

ከፈነዳ፦ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ እያላችሁ አንሡ፤ መኪናው ራሱ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀኝ ዳር ውሰዱት። ይህን አሁን ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ ተለማመዱት፤ ያን ጊዜ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ሞተር ሲግል ኮፈኑን ክፈቱ እንጂ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ። የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል።

አቧራ፣ ጉም፣ ዝናብ።

አቧራ ሲነሣ ሰማዩ ቡና ይመስላል፤ ከፊት ያለው መኪና ይጠፋል። መብራት አብሩ፣ ቀንሱ፣ ርቀቱን እጥፍ አድርጉ። እየሄዳችሁ የአደጋ ፍሬቻውን አራቱንም አታብሩ፤ ከኋላ ያለው ሰው ቆማችሁ ይሁን ስትሄዱ፣ መስመር ልትቀይሩ ይሁን አይለይም። በቀዝቃዛው ወራት ጠዋት ጉም አለ፤ በተለይ በባሕሩ ዳርና ወደ አብደሊ በሚያወጣው ሜዳ። ረጅም መብራት በጉም ላይ ግድግዳ ይሠራል፤ አጭሩን ተጠቀሙ።

ዝናብ እዚህ ብርቅ ስለሆነ መንገዱ ዘይትና አቧራ ይዞ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የእኛ አገር ሰው ዝናብ ለምዷል ብላችሁ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በወረደው ዝናብ መንገዶች ተጥለቀለቁ፤ የሕዝባዊ ሥራዎች ሚኒስትሩ ሥልጣን እስከ መልቀቅ ደረሱ። ከዚያ በኋላም አስፋልቱ ጠጠሩን እየለቀቀ የመኪና መስታወት ሲሰነጥቅ ከረመ። በውሃ የተሞላ ዋሻ መንገድ ውስጥ አትግቡ፤ ከፊታችሁ ያለው ከፍ ያለ ጂፕ ስላለፈ ሳሎኗ መኪና ታልፋለች ማለት አይደለም።

ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ቤተሰቡ በረሃ ድንኳን ይተክላል። ማታ ማታ ወደ በረሃው በሚወስደው መንገድ ግመል አለ። ግመል ረጅም እግር ላይ የተጫነ ከባድ አካል ነው፤ መኪና ሲመታው እግሩ ይሄድና አካሉ በመስታወቱ ይገባል።

እንቅልፍ።

ባባ ዲዋኒያ (የወንዶች መሰብሰቢያ) አምሽቶ እኩለ ሌሊት ይመለሳል፤ ልጆቹ ጠዋት በአሥራ አንድ ተኩል መነሣት አለባቸው። መሀሉን የሚተኛው ሹፌሩ ነው። ስለ እንቅልፍ አልቀልድም። የሬዲዮ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ ጉንጭን በጥፊ መምታት አያነቃም። ዓይናችሁ ከከበደ፣ ያለፋችሁትን መውጫ ካላስታወሳችሁ፣ ነዳጅ ማደያ ገብታችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ተኙ። የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ቁጥር 68፣ የቀን ሥራን ከ12 ሰዓት አያሳልፍም፤ የሳምንት ዕረፍትም ይሰጣል፤ ሹፌርም የቤት ሠራተኛ ነው። ይህን በጠብ ሳይሆን ሰው ሲረጋጋ፣ ለልጆቹ ደኅንነት ብላችሁ አንሡት።

በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ሽሹ። መንገዱ ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ሆዱ ባዶ ነው፣ ቁጣው ቅርብ ነው። የምትጾሙ ከሆነ ቴምርና ውሃ መኪና ውስጥ ይኑር፤ አዛን መንገድ ላይ ቢያገኛችሁ እያሽከረከራችሁ ሳይሆን ቆማችሁ አፍጥሩ። ሐሙስ ማታ ወደ ኺራን ሻሌዎች የሚወርደው፣ ቅዳሜ ማታ የሚመለሰውም እንዲሁ ነው፦ 40 ቁጥርን አስቀድማችሁ ውጡበት ወይም አሳልፉት።

ከተበላሸ ወይም ከተጋጨ።

ወደ ቀኝ ዳር ውጡ፤ አራቱን ፍሬቻ አብሩ። ሁሉም ሰው በቀኝ በር ወርዶ ከብረቱ አጥር ወዲያ ይቁም። ሦስት ማዕዘኑን ወደኋላ መቶ ሜትር ያህል አርቃችሁ አኑሩ፤ ስትሄዱ ፊታችሁ ወደሚመጣው መኪና ይሁን። በግራ መስመር ከቆመባችሁና ማውጣት ካልቻላችሁ ጎማ ልትቀይሩ አትሞክሩ፤ ወርዳችሁም ቢሆን መንገዱን አታቋርጡ። ቀበቶ አስራችሁ 112 ደውሉ።

112 የሁሉም ነው፤ ፖሊስም፣ አምቡላንስም፣ እሳት አደጋም። የሚጠይቋችሁ መጀመሪያ «የት?» ብለው ነው። የመንገዱን ቁጥር፣ ወዴት አቅጣጫ እንደምትሄዱና ያለፋችሁትን መውጫ ተናገሩ። «ዳኢሪ ኻሚስ» አምስተኛው ቀለበት ነው፤ «ሳዲስ» ስድስተኛው። «ሃዲስ» ደግሞ ግጭት ነው፤ ሳዲስና ሃዲስ በድንጋጤ ይቀላቀላሉ፤ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ሰው ከተጎዳ አታንሡት፣ ውሃም አታጠጡት። ከቦታው አትሂዱ። ግጭቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ያኛው «ይቅር፣ ሂድ» ቢልም፣ ፖሊስ ሳያይና ሳይመዘግብ አትለያዩ፤ በኋላ «ገጭቶኝ አመለጠ» የሚል ቃል ከመጣ በእናንተ በኩል የሚናገር ወረቀት የለም። የማይገባችሁን የዓረብኛ ጽሑፍ አትፈርሙ፤ ተርጓሚ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በዕረፍት ቀን በቤቱ መኪና ሰው እየጫኑ ዲናር መሰብሰብ። ለጓደኛ ውለታ ይመስላል፤ በሕጉ ግን ያለ ፈቃድ ታክሲ ነው፤ የተያዘ ወገን ወደ አገሩ ተመልሷል። ከቤት ሹፌርነት ወደ ሌላ ኢቃማ ስትዛወሩም መንጃ ፈቃዳችሁ ከሥራው ጋር እንደተያያዘ አስቡ፤ ሳታጣሩ አትንዱ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ነው፤ እግር የሚማረው በመንገድ ነው። ስለዚህ አሠሪያችሁን ወይም ማዳምን ፈቃድ ጠይቁና፣ በዚህ ዓርብ ንጋት፣ በእኛ 12 ሰዓት፣ በእነሱ ስድስት፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ውጡ። ያን ጊዜ ከተማው ተኝቷል፤ አምስተኛው ቀለበት ባዶ ነው። ግቡ፣ ውጡ፣ ዞራችሁ እንደገና ግቡ። አንዱን መውጫ ሆን ብላችሁ እለፉት።